ሳይኖር ያረጀ ፎቶግራፍ

የፎቶግራፍ ጥበብ ከሌሎቹ የሥነ ጥበብ ዘርፎች የሚለይበት ዐቢይ ጠባይ ከሚያሳየው ነገር ጋር ያለው የቅርብ ዝምድና ነው። ሠዓሊ ያላየውን መሣል፣ ደራሲም ያልተፈጸመውን መተረክ ይችላል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ካሜራውን በደገነበት ሰዓት ከፊቱ ያልነበረውን ነገር ከፊልሙ ላይ አያገኝም። ሕዝብ በፎቶግራፍ ላይ ያለው እምነት የመነጨውም ከዚሁ ነው። ፎቶግራፍ በፍርድ ቤት ማስረጃ፣ በመታወቂያ ወረቀት ላይ ምልክት፣ በለቅሶ ቤት ደግሞ የሟቹ ወኪል ሆኖ የሚቆመው ይህ እምነት በመኖሩ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን እምነት የሚፈታተን አንድ ልማድ በከተማ ፎቶግራፎች ላይ ተስፋፍቶ ይታያል። ይኸውም ትናንት ወይም ዛሬ ማለዳ የተነሣውን ምስል በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ አማካይነት አደብዝዞ፣ ቡናማ አልብሶ፣ ዳር ዳሩን አጥቁሮና ጭረት ጨምሮበት የሃምሳ ወይም የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ማስመሰል ነው። አዲስ አበባም ከዚህ ልማድ አላመለጠችም። በቡና ቤት ግድግዳ፣ በቀን መቁጠሪያ፣ በመጽሐፍና በሙዚቃ አልበም ሽፋን ላይ እንዲህ እንዲያረጁ የተደረጉ የፒያሳ፣ የለገሃርና የመርካቶ ምስሎች ይገኛሉ። ብዙዎቹ ያማሩ ናቸው። ሂሱ መጀመር የሚኖርበትም ከማማራቸው ላይ ነው።

ዓይነተኛው ምስል ይህን ይመስላል። የእንጨት ሰገነት ካላቸው የአራዳ ቤቶች አንዱ በመሐል ቆሟል። ሰማዩ የሻይ መልክ ይዟል። ጥላው ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆኗል፤ ከላይ እስከ ታችም ሁለት ሦስት ጭረቶች ወርደውበታል። የመብራቱ ሽቦና የሳተላይት ሳህኑ በጥንቃቄ ተፍቀዋል፤ በጣሪያው ላይ የተሰቀለው የውሃ ሮቶ ግን የቤቱ ጌጥ መስሎ ስለ ታየ ሳይሆን አይቀርም፣ ተርፏል። በግራ በኩል ነጠላ ያጣፋች ወጣት ታልፋለች። በእጇ የያዘችው ዳዊት ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ሲታይ ስልክ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ የመጀመሪያ ጉድለት አሮጌ ፎቶግራፍ ምን እንደሚመስል በሚገባ አለማወቁ ነው። ነገሩ የሙያ ጉዳይ ስለሆነ ሳይብራራ ሊታለፍ አይገባም።

ቡናማው ቀለም ከየት መጣ? በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ምስሉን የሚሠራው በወረቀቱ ላይ ያለው እጅግ ደቃቅ ብር ነው። ብር በአየር ውስጥ ከሚገኙ ጋዞች ጋር ሲገናኝ ይጠቃል፤ ምስሉም ይጎዳል። ስለዚህ የፎቶ ቤት ባለሙያዎች የታጠበውን ፎቶግራፍ እንደገና በመድኃኒት ነክረው ብሩን ወደ ብር ሰልፋይድ ይለውጡት ነበር። ጨለማ ክፍሉን የገማ ዕንቁላል ጠረን የሚሞላው ይህ ሥራ ምስሉን ቡናማ ያደርገዋል፤ ዕድሜውንም ያረዝምለታል። «ሴፒያ» የሚለው ስም ከአንድ የባሕር እንስሳ ቀለም የተወረሰ ይሁን እንጂ በመድኃኒቱ ውስጥ የእንስሳው ቀለም የለበትም። እንግዲህ ቡናማው ቀለም ፎቶግራፉ ለልጅ ልጅ እንዲቆይ ታስቦ የሚሠራ የዘላቂነት ዘዴ ነበር ማለት ነው። የዛሬው አስረጂ ይህንኑ የመቆያ ዘዴ የመበስበስ ምልክት አድርጎ ወስዶታል። ዕድሜ ያመጣው ቢጫነት የሚታየው በሌላ ዘንድ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በዕንቁላል ነጭ ይለበጥ የነበረው የፎቶግራፍ ወረቀት በጊዜ ብዛት ይወይባል። ሁለቱ ቀለሞች የተለያዩ ናቸው፤ በስልኩ ፕሮግራም ውስጥ ግን አንድ ቁልፍ ሁለቱንም ይተካል።

ሰማዩም ይመሰክራል። የቀድሞዎቹ የመስታወት ሰሌዳዎች ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ንቁ፣ ለቀይ ብርሃን ግን ዕውር ነበሩ። በመሆኑም በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ ሰማይ ከነደመናው አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ይጠቁራል። የነጠላ ቀይ ጥለት በ1900 ዓ.ም. ሰሌዳ ላይ እንደ ከሰል ጥቁር በሆነ ነበር። በዛሬ ካሜራ ተነሥቶ ቡናማ የለበሰው ጥለት ግን ለስላሳ ግራጫ ነው፤ ደመናውም በሰማዩ ላይ ተቆልሎ ይታያል። አስረጂው ቀለሙን ቀየረ እንጂ ብርሃኑን አልቀየረም።

ስለ ብናኙና ስለ ጠቆረው ዳርቻም እንዲሁ ነው። የመቶ ዓመት የከተማ ፎቶግራፍ ሁሉ በብናኝ የተሞላና የደበዘዘ የሚመስለው ሰው የፈረንሳዊውን የዩጂን አጄን ሥራዎች ቢመለከት ይገረማል። አጄ እ.ኤ.አ. በ1927 እስኪሞት ድረስ የፓሪስን መንገዶች ያነሣ የነበረው 18 በ24 ሴንቲሜትር በሆነ የመስታወት ሰሌዳ ነበር፤ የሱቁ ጽሑፍ፣ የበሩ እጀታ፣ የድንጋዩ ስንጥቅ ሁሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጎልቶ የሚታየው ብናኝ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከትንንሽ ካሜራዎችና ከፈጣን ፊልም ጋር ነው። በአንዳንድ የአጄ ምስሎች ላይ ጥቁር ማዕዘን መኖሩ እውነት ነው። የሚገኘው ግን ከላይ በኩል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ረጅሙን ሕንጻ ለማስገባት ሌንሱን ወደ ላይ ከፍ ስለሚያደርገው የምስሉ የላይኛው ጫፍ ከሌንሱ የብርሃን ክብ ይወጣል። ጥቁረቱ ጌጥ ሳይሆን የሥራ ዱካ ነው። አስረጂዎቹ አራቱንም ማዕዘን እኩል አጥቁረው ሲያቀርቡ ምክንያት የሌለው ውጤት ያቀርባሉ። ጭረቱም ከዚህ የተለየ አይደለም። በእውነተኛ ፎቶግራፍ ላይ ያለ ጭረት ሰሌዳው ከመሳቢያ ሲወጣ ወይም ልጅ ሲጫወትበት የደረሰበት አደጋ ነው። ከፕሮግራሙ የተገኘው ጭረት ግን በለገሃሩም፣ በመርካቶውም፣ በውጭ አገር ከተማም ምስል ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ተመልካች ይህን ሁሉ የት ያውቃል?» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ቁም ነገሩ የባለሙያን ስሕተት መልቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ተቀባይነት ባገኘ ነበር። ነገር ግን ከቅርጹ ጉድለት ሥር የይዘት ጉድለት አለ። አስረጂው የሚኮርጀው ያለፈውን ዘመን አይደለም፤ ያለፈው ዘመን ወረቀት የደረሰበትን ጉዳት ነው። ማንኛውም ፎቶግራፍ በታጠበበት ዕለት አዲስ ነበር። የቤድሮስ ቦያጂያንና የልጆቹ ፎቶ ቤት ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያወጣቸው ምስሎች ለደንበኛው ሲሰጡ አልደበዘዙም፣ አልተጣጠፉም ነበር። የፈረንሳዊው ባለሀብት የአልቤር ካን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1931 ድረስ በልዩ ልዩ አገሮች እየተዘዋወሩ ያነሧቸው 72 ሺህ ያህል ባለ ቀለም የመስታወት ሰሌዳዎች ዛሬም አሉ፤ ቀይ ጃንጥላው ቀይ፣ አረንጓዴው በር አረንጓዴ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮዳክሮም ፊልም የተነሡ ስላይዶችም በጨለማ ከተቀመጡ እስከ አሁን አልከሰሙም። ቀላ ብሎና ፈዞ የሚገኘው ሌላው የቀለም ፎቶግራፍ ነው፤ እርሱም ከቀለሞቹ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ያለፈው ዘመን ፈዛዛ ነበር የሚለው ግምት እንግዲህ የኬሚካል አደጋን እንደ ታሪክ መቁጠር ነው።

ይህ ግምት በአዲስ አበባ ላይ ሲውል ደግሞ የተለየ ግፍ ይሠራል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የነበረችው አዲስ አበባ በዘመናዊነቷ የምትኮራ ከተማ ነበረች። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት በውስጡ አለ። ይኸው አርክቴክት የማዘጋጃ ቤቱን ሕንጻ ሠራ፤ አንሪ ሾሜ ደግሞ የንግድ ባንኩን ክብ ሕንጻ ነደፈ። በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት የቆመ ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ አዲስ መኪና ተደግፎ፣ አዲሱን አስፋልት ከኋላው አድርጎ ነበር። ከቤተሰብ አልበሞች ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ይህን በጉልህ ያሳያል፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ወደፊት የሚመለከቱ እንጂ ትዝታ የሚያቀነቅኑ አይደሉም። ከአገሩ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወጥቶ በውጭ የሚኖር ሰው ዛሬ ቡናማ የለበሰ የፒያሳ ምስል ገዝቶ በሳሎኑ ቢሰቅል ናፍቆቱ የሚነቀፍ አይደለም። የገዛው ግን እርሱ የኖረባትን ከተማ አይደለም። እርሱ የሚያውቃት አዲስ አበባ ታበራ ነበር።

ዘመንን በቁልፍ የመሸጥ ነገር ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው በአንድ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ኢንስታግራም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካቀረባቸው የቀለም ማጣሪያዎች አንዱ «1977» ይባል ነበር። ምስሉን ሮዝ ያለብሰዋል፤ ጥላውን ያለዝበዋል፤ የበጋ ዕረፍትና የልጅነት አልበም ያስመስለዋል። ለሰየሙት ሰዎች ዓመቱ ይህን አስታውሷቸው ይሆናል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይኸው ዓመት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መካከል የሚውል ነው። የዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ፎቶግራፎች በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ይገኛሉ። የወጣቶች ጉርድ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለመታወቂያ የተነሡ፣ ፊት ለፊት የሚመለከቱ። ሮዝ የሆነ ነገር የለባቸውም። አንድ የአዲስ አበባ ወጣት የሠፈሩን መንገድ አንሥቶ «1977» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን በዚያ መንገድ ላይ በዚያ ዓመት የሆነውን ነገር የሌላ አገር የበጋ ዕረፍት አልብሶታል። ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ የዓመቱ ትርጉም ተዘጋጅቶ ስለ መጣለት ነው።

ይህን ተገላቢጦሽ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በካምቦዲያ የቱል ስሌንግ እስር ቤት እስረኞች ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር ቀለም ተቀብተው በአንድ የውጭ የዜና ድርጅት በኩል ወጡ፤ ከቀለሙ ሌላ በአንዳንዶቹ ፊት ላይ ያልነበረ ፈገግታ ተጨምሮ ተገኘ። የካምቦዲያ የባህል ሚኒስቴር ተቃውሞውን አሰማ፤ ሥራውም ከወጣበት ተነሣ። አሮጌውን አዲስ ማድረግና አዲሱን አሮጌ ማድረግ የአንድ እጅ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ፎቶግራፉ ከተነሣበት ሰዓት ጋር ያለውን ውል ያፈርሳሉ።

ነገሩ አሁን አንገብጋቢ የሆነው ግን ከተማዋ ራሷ በመለወጥ ላይ በመሆኗ ነው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በፒያሳና በዙሪያዋ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሠፈሮች ፈርሰዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ። የማፍረሱ ተገቢነት ለሌላ መድረክ የሚቀር ክርክር ነው። በኪነ ጥበብ ረገድ የሚጠየቀው ከመፍረሳቸው በፊት የተነሡት ምስሎች ምን ይናገራሉ የሚለው ነው። ከእነዚህ መካከል ባልደረቀ ቀለማቸው ቡናማ የለበሱ አሉ። በሳምንቱ ሰው ምሳ ሲበላበት የነበረውን ቤት መቶ ዓመት እንዳለፈው አድርገው ያሳዩታል። ቤቱ ሳይሞት ተዝካሩ ወጣለት ማለት ነው። ተመልካቹም ይጽናናል፤ የጠፋው ነገር በአያቶቹ ዘመን የጠፋ ይመስለዋልና ማን የት ገባ ብሎ አይጠይቅም።

በምስሉ ላይ የሚፋቀው ነገርም ያለ ምክንያት አይመረጥም። ሽቦው፣ ሳህኑ፣ ቆርቆሮው፣ በላስቲክ የተሸፈነው መስኮት «የማያምሩ» ስለሆኑ ይወገዳሉ። ሆኖም ስንት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀም የሚናገረው ሽቦው ነው፤ የቀበሌው ቤት ጣሪያ ስንት ጊዜ እንደ ተጠገነ የሚናገረውም ቆርቆሮው ነው። ሰገነቱ የሕንጻውን ባለቤት፣ ሽቦው ደግሞ በሕንጻው ውስጥ የኖረውን ሰው ያስታውሳል። ሰገነቱን አስቀርቶ ሽቦውን መፋቅ ከሁለቱ የአንዱን ታሪክ መምረጥ ነው።

ከዚህ አንጻር የሌላ ከተማ ተሞክሮ ያስተምራል። ኦስማን የተባለው ሹም እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1870 የፓሪስን አሮጌ ሠፈሮች አፍርሶ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ሲከፍት፣ ሻርል ማርቪል እ.ኤ.አ. በ1862 የከተማዋ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ተሰየመና ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን መንገዶች አነሣ። እነዚህ ምስሎች 425 ያህል ናቸው። አፍራሹ ራሱ ያሠራው ሥራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቢሆንም ማርቪል መንገዶቹን አላስረጃቸውም፤ በዘመኑ ከነበረው መሣሪያ የሚገኘውን የመጨረሻ ጥራት ሰጣቸው። ከዝናብ በኋላ የሚያብለጨልጨው ድንጋይ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ በመንገዱ መሐል የሚወርደው ፍሳሽ ሁሉ አለ። ዛሬ የጠፋችውን ፓሪስ ማጥናት የሚፈልግ ወደ እርሱ የሚሄደው ሠዓቱን ሳያዛባ ስላቆየ ነው። አሮጌ መሆን ለወረቀቱ ቀረ፤ ወረቀቱም በራሱ ጊዜ አረጀ።

ሙያው ራሱ ለዚህ ጉዳይ ያወጣው ሕግ ገና ያልጠራ መሆኑ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው የዓለም አቀፍ ውድድር በኪየቭ ከተማ የመንገድ ላይ ድብድብ ላይ የተሠራ ተከታታይ ምስል ከሽልማት ሰረዘ። የተሰረዘው በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ከበስተጀርባ የነበረ የእግር ቁራጭ ስለ ተፋቀ ነው። ዋናው ምስል ባለ ቀለም ነበር፤ ለውድድር የቀረበው ግን እጅግ ተቆርጦ፣ ጥቁርና ነጭ ተደርጎ፣ ብናኝ ተጨምሮበት፣ ዳርቻው ጠቁሮ ነበር። ዳኞቹ የእግሩን ቁራጭ ከለከሉ፤ የቀረውን ፈቀዱ። ያ ቁራጭ እግር ለተመልካቹ ምንም አይነግረውም ነበር። የተጨመረው ብናኝ ግን ከሌላ ዘመን የመጣ የጦር ሜዳ ምስል አስመስሎታል። የትኛው ለውጥ የበለጠ እንዳሳሳተ ለመወሰን ብዙ መመራመር አያሻም።

ይህ ሁሉ ሲባል ጥቁርና ነጭን የመረጠ ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ጥቁርና ነጭ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ ዛሬን በዛሬነቱ ሊናገር ይችላል። በመስታወት ሰሌዳ ዛሬም የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የእነርሱ ምስል ሰማዩ ነጭ የሚሆነው በእውነት ነው። ያለፈ ዘመንን በሚተርክ ፊልም ወይም ተውኔት ውስጥ እንዲያረጅ የተደረገ ሥዕልም የልብ ወለዱ አካል በመሆኑ ማንንም አያሳስትም። ነቀፌታው የሚመለከተው ልብ ወለድ መሆኑን ሳይናገር በማስረጃ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ጥፋቱ የአስረጂው ብቻ አይደለም፤ ምስሉን ያለ ቀን፣ ያለ ቦታና ያለ አንሺ ስም የሚያትም አዘጋጅ፣ ለክፍሉ ግድግዳ «የድሮ አዲስ አበባ» ብሎ የሚለጥፍ መምህርም ተካፋይ ነው።

የቀን ጉዳይ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባን ፎቶግራፍ ያለ ጽሑፍ ዘመኑን ለመገመት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የቀላል ባቡሩ ድልድይ ከታየበት ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ብዙ አይርቅም፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ወይም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ መኖር አለመኖሩም ይረዳል። ለማስረጀት ሲባል መጀመሪያ የሚፋቁት እነዚሁ ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚሠራ ባለሙያ የ1930 ዓ.ም.ን እውነተኛ ምስልና የ2016 ዓ.ም.ን አስመሳይ በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢያገኝ ለመለየት የሰማዩን ንጣትና የጥለቱን ጥቁረት መመርመር ሊኖርበት ነው።

በአሮጌ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይገኛል። ከማኅተሙ በታች በብዕር የተጻፈ ቀን፣ የሰው ስም፣ «ለማስታወሻ» የሚል ቃልም ይኖራል። አስረጂዎቹ የምስሉን ፊት ሲያስረጁ ጀርባውን ዘንግተውታል። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ በራሱ የመዘገበው ቀንና ሰዓት እንኳ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ዋናውን ባለ ቀለም ምስል ሳይነኩ ማስቀመጥና በጎኑ ሠፈሩን፣ ቀኑንና የአንሺውን ስም መጻፍ ለሚችል ሰው ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው፤ በዶሮ ማነቂያ የተነሡት ፎቶግራፎች ባለቤቶች አብዛኛዎቹ ዛሬም በሕይወት ስላሉ ሊጠየቁ ይችላሉ።